ሁለት ሰው ባንድ ይባላል? የዋይት ስትራይፕስን ጉዞ የምታውቁ ኑ እንነጋገር

የመጋዘኑ ጊታር | ማክሰኞ ምሽት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ማታ የምንጫወትበት ቦታ ፍለጋ እዚሁ ጅማ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ሄደን ነበር። ኃላፊው መጀመሪያ ጊታሬን አየ፤ ቀጥሎ አጠገቤ የቆመችውን ድራም መቺያችንን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ በሩ ላከ። «ሌሎቹስ?» አለን። ሌሎች የሉም፣ ሁለት ነን አልነው። «እንግዲያው ባንድ አልሆናችሁም። ቤዝና ኪቦርድ ጨምራችሁ ተመለሱ» አለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡና ጋብዞን ነው የተለያየነው። ቃሉ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ሰነበተ።

የምንለማመደው ሄርማታ አካባቢ፣ ድሮ የቡና መጋዘን በነበረ፣ አሁን ግን አጎቴ በግማሹ መኪና በሚጠግንበት ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የጅማ ዝናብ ሲወርድበት አምፕሊፋየሩ እንኳን አይሰማም፤ አቁመን እስኪያባራ እንጠብቃለን። ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ግድግዳው ላይ ባዶ የቡና ጆንያ ደራርበን ሰቅለናል። ፀሐይ ስትወጣ ቤቱ ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። የድራም ወንበር ስለሌለን እሷ የምትቀመጠው ከአንድ ግንድ በተጠረበ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ነው። ወለሉ ወጣ ገባ ነው፤ በርጩማው ግን አንድም ቀን ተንገዳግዶ አያውቅም። ቤዝ የሚጫወትልን ልጅ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። መጀመሪያ ምትክ ስንፈልግ ቆየን። እየቆየ ሲሄድ ግን ሁለታችን ብቻ የምናወጣውን ድምፅ ወደድነው፤ ፍለጋውንም ተውን።

ያጽናናኝ ዋይት ስትራይፕስ የተባለው ባለ ሁለት ሰው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ታሪክ ነው። ለማያውቃቸው ልተርክ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ የሚጫወቱት ሙዚቃ ስለሚጠራበት ስም፣ ስለ «ጋራዥ ሮክ»። ፈረንጆች በሙዚቃ «ጋራዥ» ሲሉ እንደ እኛ መኪና የሚጠገንበትን ቦታ ማለታቸው አይደለም፤ በግቢ ውስጥ መኪና የሚያድርበትን ቤት ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ወጣቶች እዚያ ውስጥ በርካሽ መሣሪያ እየተለማመዱ ሻካራ ሮክ ፈጠሩ። በ1970ዎቹ ፓንክ መጥቶ ፍጥነትና ቁጣ ጨመረበት።

ዋይት ስትራይፕስ የተነሡት ከመኪና ከተማዋ ከዲትሮይት ነው። ጃክ ዋይት የሶፋ ልብስ በመቀየር ይተዳደር ነበር። ከጊታር በፊት ደግሞ ድራም መቺ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። በ1996 ከሜግ ዋይት ጋር ሲጋቡ የእሷን የቤተሰብ ስም ለራሱ ወሰደ። በ1997 ሜግ ምንም ሳትማር የእሱ ድራም ላይ ተቀምጣ መምታት ጀመረች። ድራም የሚያውቅ ሰው «እንዲህ አይደለም፣ ቆይ ላሳይሽ» ማለት ይቀናዋል። እሱ ግን ጊታሩን አነሣና ተከተላት። በዚያው ዓመት ጎልድ ዶላር በተባለ ትንሽ መጠጥ ቤት መድረክ ላይ ወጡ። ቤዝ የለም፣ ኪቦርድ የለም። ልብሳቸውም መሣሪያቸውም ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው አልበም በ1999 ወጣ። ሁለተኛውን በጃክ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ስምንት ትራክ ባለው የቴፕ መቅረጫ ቀርጸው በ2000 አወጡት። በዚያው ዓመት ተፋቱ፤ ባንዱ ግን አልፈረሰም። ሕዝብ ፊት «ወንድምና እህት ነን» ይሉ ነበር። ሦስተኛውን ሜምፊስ ላይ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ቀርጸው በ2001 ሲያወጡት እንግሊዞች አበዱላቸው። አራተኛውን፣ ኤሌፋንት የተባለውን፣ ለመቅረጽ በ2002 ለንደን ውስጥ ቶ ራግ ወደሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ገቡ። የተጠቀሙት ከ1963 በፊት የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሥራው ውስጥ አልገባም። አልበሙ በ2003 ወጥቶ ግራሚ ተሸለመ።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ይህ ባንድ ነው ወይስ አይደለም? ሜግን «ድራም አትችልም» የሚሏትንስ እንዴት ታዩታላችሁ? እኔ በበኩሌ ያለ እሷ ባንዱ አልነበረም ባይ ነኝ።

ባለ አራት አውታር | ማክሰኞ ምሽት

ወንድሜ፣ የሆቴሉ ሰውዬ የተናገረው ከልምድ ነው። እኔ ቤዝ ተጫዋች ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርግና ሆቴል ላይ ተጫውቻለሁ። ሰው ጊታሩን ይሰማል፣ ወገቡን የሚያንቀሳቅሰው ግን ቤዙ ነው። ቤዝ ሲጠፋ ምን እንደጠፋበት አያውቅም፤ ብቻ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማጉያው ተቃጥሎ በአንድ ዘፈን መሀል ዝም ባልኩበት ሌሊት።

ስለ ሜግም እውነቱን እንነጋገር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚመታውን ነው የምትመታው። ባሏ ጎበዝ ስለነበር ነው የተሸፈነችው።

ኪቶ ፉርዲሳ | ማክሰኞ ምሽት

እኔ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝና በቤዙ ጉዳይ ልግባ። ጃክ ዋይት ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ አልተወውም። ሰቨን ኔሽን አርሚ የተባለው ዘፈናቸው ሲጀምር የምትሰሙት ቤዝ የሚመስል ድምፅ ጊታር ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ ኬይ የተባለ ጊታር ዋሚ በሚባል፣ የድምፅን ከፍታ በሚለውጥ የእግር ፔዳል አልፎ አንድ ኦክታቭ (ርግብግቢቱ በግማሽ) ወርዶ ነው እንዲያ የሆነው።

በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ አውታር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የቤዝ ወፍራሙ አውታር 41 ጊዜ ያህል ነው፤ ልክ ግማሽ። ስለዚህ የገባውን ርግብግቢት ለሁለት የሚያካፍል ዑደት ካገኛችሁ ጊታራችሁ የቤዝ መሬት ላይ ይወርዳል። ፍሊፕ ፍሎፕ የሚባል ርካሽ ቺፕ ይህን ያደርጋል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቼዋለሁ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ደግሞም በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖታ በላይ ካስገባችሁበት ይምታታል። የዚያ ዘፈን ዜማ ግን አንድ አንድ ኖታ ብቻ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ባለ አራት አውታር | ማክሰኞ ምሽት

ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን ቤዝ የሚመስል ድምፅ ከፈለጉ ቤዝ ተጫዋች ለምን አልቀጠሩም? ጥያቄዬ አልተመለሰም።

የጂረን አባት | ረቡዕ ጠዋት

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ከልጅ ልጄ ጋር ሆኜ አነበብኩት። የፈረንጆቹን ሙዚቃ አላውቀውም። ነገር ግን «ሁለት ሰው ባንድ አይባልም» የሚለው ነገር ገረመኝ።

በልጅነቴ ቡና ተሸጦ ገንዘብ በሰው እጅ በሚገባበት ወራት አዝማሪዎች ወደ ጅማ ይመጡ ነበር። ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እጇን ታጨበጭባለች። ማሲንቆ እንደምታውቁት አንድ ጭራ ነው ያለው፤ አንድ! ያም ሆኖ ቤት ሙሉ ሰው ሲያለቅስና ሲያስካካ ያድራል። አንድ ምሽት የአንዱ ማሲንቆ ጭራ ተበጠሰ። ሚስቲቱ ዝም አላለችም። እሱ አዲስ ጭራ እስኪያስር ድረስ በእጇ እያጨበጨበች ብቻዋን ዘፈነች። ከዚያን ዕለት ምሽት በአእምሮዬ የቀረው ያ ነው። ያን ጊዜ «ሦስተኛው ሰው የት አለ?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

ይህ ኪቶ ያለው ዘፈን ምን ዓይነት ነው? ሰምቼው ይሆን?

የድሮ ካሴት | ረቡዕ ቀን

ጋሼ፣ በእርግጠኝነት ሰምተውታል። ኳስ የሚታይበት ቤት ገብተው ያውቃሉ? ሜዳው ላይ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ቃል የሌለው «ኦ፣ ኦ ኦ ኦ ኦ፣ ኦ፣ ኦ» የሚለው እሱ ነው። ዜማው ሰባት ኖታ ነው። በ2003 የቤልጂጉ ክለብ ብሩዥ ደጋፊዎች ሚላኖ ላይ ከጨዋታ በፊት መጠጥ ቤት ውስጥ ሰምተው ይዘውት ወደ ሜዳ ገቡ፤ በዚያ ምሽት ቡድናቸው ኤሲ ሚላንን 1 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ወደ ጣሊያን ደጋፊዎች ተሻገረ፤ ጣሊያን በ2006 የዓለም ዋንጫን ስታነሣ የአገር መዝሙር ያህል ሆኖ ነበር። እዚህ ጅማ ባንዱን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ዜማውን የማያውቅ ልጅ ግን የለም።

ሌላም ልጨምር። ፓንክ ለእኛ ባዕድ የሚመስላችሁ ካላችሁ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ስሙ። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ዘ ኤክስ የሚባሉት ከ1979 ጀምሮ ያሉ የኔዘርላንድ ፓንኮች እሱን ፈልገው አብረውት ተጫወቱ፤ ሞዓ አንበሳ የተባለውን አልበም በ2006 አወጡ። ፉከራና ፓንክ ሲገናኙ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ያን አልበም በሰማሁ ቁጥር ጸጉሬ ይቆማል።

የጂረን አባት | ረቡዕ ቀን

የልጅ ልጄ አሰማኝ። አውቀዋለሁ! በየሳምንቱ ነው የምሰማው። የሁለት ሰው ሥራ ነው ብሎ ማን ያስባል።

ስንቅ የያዘ | ረቡዕ ምሽት

ዘ ብላክ ኪስን ያነሣ የለም እንዴ? እነሱም ሁለት ናቸው፤ ጊታርና ድራም፣ ከአክሮን ኦሃዮ። አክሮን የጎማ ከተማ ነበረች፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ግን ተዘጉ። የመጀመሪያውን አልበማቸውን በድራም መቺው ቤት ምድር ቤት ቀርጸው በ2002 አወጡ። ሁለተኛውን በ14 ሰዓት ቀርጸው ጨረሱት። ሦስተኛውን በተዘጋ የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ቀረጹ፤ ስሙንም የጎማ ፋብሪካ አሉት። የቡና መጋዘን ውስጥ ለምትለማመዱት እናንተ ከዚህ የቀረበ ታሪክ የለም።

ልዩነታቸው ግን ይኸውላችሁ። ብላክ ኪሶች ከ2010 ወዲህ መድረክ ላይ ቤዝና ኪቦርድ የሚጫወቱ ሰዎች ጨመሩ፤ አዳራሾቹም ተለቁ። ስለዚህ ለሆቴሉ ኃላፊ «እሺ» ማለት ሽንፈት አይደለም። የሚበላ እንጀራም ያስፈልጋል።

የመጋዘኑ ጊታር | ረቡዕ ምሽት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የአዝማሪዋን ነገር ለድራም መቺያችን አነበብኩላት፤ ሁለት ጊዜ ድገምልኝ አለችኝ።

ወንድሜ ባለ አራት አውታር፣ ቤዝ ለምን አልቀጠሩም ላልከው እኔ የገባኝን ልንገርህ። ያንን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስማው። መጀመሪያ ወፍራሙ ዜማ ብቻውን ነው። ከዚያ ሜግ በእግሯ የባስ ድራሙን ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ታደርጋለች። እኩል እኩል፤ አንድም ጌጥ የለውም። በመሀሉ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። እሱ ቆይቶ አምፕሊፋየሩን ለቅቆ ሲያጮኸው፣ እሷም ሲምባሉን ስትከፍተው፣ ያ ባዶ ቦታ በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ ደረትህ ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ነው። አንድ ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች ከመጀመሪያው ቦታውን ሞልቶት ቢሆን በኋላ የሚሞላ ምን ይቀር ነበር? ድራም መቺዋም በየአራት ምቱ ጌጥ ብትጨምር እንዲሁ። ሜግ የምትመታው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀውን ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ጸንቶ መቆየት ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አይችለውም፤ ይቸኩላል፣ ያጌጣል። እኔ ራሴ ለአንድ ቀን በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ፈጠንኩ።

ስንቅ የያዘ፣ ምክርህ ቅን ነው። ስለ እንጀራውም ልክ ነህ። እኔን የያዘኝ ግን የዋይት ስትራይፕስ መጨረሻ ነው።

በ2007 ስድስተኛ አልበማቸውን አውጥተው ካናዳን ሊዞሩ ተነሡ። በእያንዳንዱ የካናዳ ክፍለ ግዛት ተጫወቱ፤ ማንም ባንድ የማይደርስባቸው የሰሜን ዳርቻዎች ሳይቀሩ። ቀን ቀን ሳይነገር አውቶቡስ ውስጥ፣ ጀልባ ላይ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ሴንት ጆንስ በተባለች ከተማ ጎዳና ላይ ሕዝብ ሰብስበው አንድ ኖታ ብቻ ተጫወቱ። አንድ! ጃክ ጊታሩን መታ፣ ሜግ ድራሙንና ሲምባሉን መታች፣ አለቀ፤ ማታ ግን እዚያው ከተማ ሙሉ ዝግጅታቸውን አቀረቡ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የቀረው ጉዞ ተሰረዘ። ምክንያቱ ሜግን የያዛት ከባድ ጭንቀት ነበር።

እዚህ ላይ ነው እኔ የማቆመው። ጃክ በዚያን ጊዜ የዓለምን ምርጥ ድራም መቺ ሊቀጥር ይችል ነበር። ሌሎች ባንዶችም ነበሩት፤ ዘ ራኮንተርስ ነበረው፣ በ2009 በወጣው ዴድ ዌዘር ደግሞ ራሱ ድራም ይመታ ነበር። ዋይት ስትራይፕስ የሚለውን ስም ግን ከሌላ ድራም መቺ ጋር መድረክ ላይ አላወጣውም። በ2009 መጀመሪያ ላይ በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት አንድ ዘፈን አብረው ተጫወቱ። በ2011 የካቲት 2 ቀን ባንዱ ማብቃቱን አስታወቁ። በመካከሉ ሦስት ዓመት ተኩል ጠብቋል።

አምስት ሰው ያለበት ባንድ አንዱ ቢታመም አራቱ ይሸፍኑታል። ሁለት ስትሆኑ ግን የሚሸፍን የለም። ይህን እያወቅሁ ነው ከእሷ ጋር የምቀጥለው።

ባለ አራት አውታር | ረቡዕ ሌሊት

ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ አራት ጊዜ ሰማሁት። ቤዝ ያስፈልገዋል ብዬ ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ አብሬ ሳንቀሳቅስ ከእግሯ ጋር ተጋጨሁ። ቦታ የለኝም። ይህን ለማመን ቀላል አልሆነልኝም።

ሠርግ ላይ ቤዝ ያስፈልጋል የሚለውን አልተውም። ስለ ሜግ ያልኩትን ግን አንሥቻለሁ።

ኪቶ ፉርዲሳ | ሐሙስ ጠዋት

በ2023 አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሜግን ክፉኛ አንቋሽሾ ሲጽፍ ሊሟገቱላት ከተነሡት አንዱ ዘ ሩትስ የተባለው የሂፕ ሆፕ ባንድ ድራም መቺ ኩዌስትላቭ ነበር። እሱ ድራም ምን እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው አይደለም። ባንዱም በ2025 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ገብቷል።

ባለ በርጩማዋ | ሐሙስ ምሽት

እኔ ድራም መቺዋ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩት።

መምታት የተማርኩት በባዶ የዘይት ጀሪካንና በካርቶን ነው፤ በሁለት የእንጨት ማንኪያ። እናቴ ማንኪያዎቹን ስትፈልግ እያጣች ትቆጣኝ ነበር። መጀመሪያ የማደንቀው ፈጣን የሚመቱትን ነበር። ከዚያ ይህ ወንድሜ የሜግን አንድ ቅጂ አሰማኝና «ይህን እኮ እኔም እችለዋለሁ» አልኩ። ሞከርኩት፤ አልቻልኩም። እጄ ይችላል፣ ልቤ ግን ይቸኩላል። ዝናብ ሲጥል ጊታሩ ስለማይሰማ እሱ ያቆማል። እኔ አላቆምም፤ እግሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ከቆርቆሮው ድምፅ ጋር ሳልፈጥን ለመቆየት እለማመዳለሁ። ካባራ በኋላ ያው ቦታ ላይ ካለሁ ቀኔ መልካም ነበር ማለት ነው።

ሆቴሉ ላይ ኃላፊው የጠየቀው እሱን ብቻ ነበር። እኔን ምን እንደምጫወት እንኳን አልጠየቀኝም። ከሁሉ የበለጠ የከበደኝ ያ ነው። «ሌሎቹስ?» ሲል እኔም ከማይቆጠሩት መሀል የሆንኩ መሰለኝ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጭራው ሲበጠስ ያቺ ሴትዮ የዘፈነችው ምን እንደነበር ቢያስታውሱ ይንገሩኝ።

የጂረን አባት | ሐሙስ ምሽት

ልጄ፣ ግጥሙ ጠፍቶብኛል። ጭብጨባዋ ግን እዚህ አለ። ሦስት ታጨበጭብና አንዱን ታስቀራለች። በአራተኛው ላይ እጇን ከፍታ ትይዘዋለች። ያኔ እኛ ነን በልባችን የምንመታው።

ባለ በርጩማዋ | ሐሙስ ምሽት

ሦስት መትቶ አራተኛውን መተው። አሁኑኑ ጠረጴዛው ላይ ሞከርኩት። ጋሼ፣ ነገ በዚህ እንጀምራለን።

የመጋዘኑ ጊታር | ሐሙስ ሌሊት

ኪቶ፣ ያ የምትሠራው ዑደት ጊታሬ ላይ እንዲሞከር ከፈለግህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ና፤ አጎቴ መበየጃ ብረት አለው። ወንድሜ ባለ አራት አውታር፣ አንተም ጅማ ከሆንክ ና፤ ቤዝህን ሳትይዝ፣ ለመስማት ብቻ። የባስ ድራሙ ቆዳ በእግር መምቻው በኩል ተሰንጥቋል። አጎቴ ከመኪና ከመነዳሪ ክብ ቆርጦ ለጥፎልናል፤ ከበፊቱ ትንሽ ደነዘዘ፣ ግን እሷ እንዲህ ይሻላል ትላለች።

ባለ አራት አውታር | ሐሙስ ሌሊት

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ነው ያለሁት። ባዶ ጆንያ አምስት አለኝ፤ ይዤ እመጣለሁ።